ለቤተ ክርስቲያናችን የጥበቃ ቡድን የወሰድናቸው ሥልጠናዎች፦ የቱ ይጠቅማል፣ የቱ ይቅር?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሜሪላንድ በኩል ባለች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። ሙያዬ ነርስነት ነው። እሑድና በዓላት ላይ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች የጥበቃ ቡድን ውስጥ የሴቶቹን በር እይዛለሁ። ቡድኑ ሲቋቋም ጀምሮ አለሁበት። በሌሎች ስቴቶች የሚያገለግሉ ወዳጆቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። «ሥልጠናውን ከየት አገኛችሁት? ስንት አስወጣችሁ?» ይሉኛል። ስለዚህ ያየነውን በዝርዝር ልጻፈው።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ከሁሉ በላይ የጠቀሙን ሁለቱ ነፃ የሆኑት ናቸው። አንደኛው ሲሳ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚልከው የደህንነት አማካሪ ነው። ሁለተኛው «ስቶፕ ዘ ብሊድ» የሚባለው ደም የማስቆም ሥልጠና ነው። ገንዘብ የከፈልንበት የግል ድርጅት ግን የወሰደውን ያህል አልሰጠንም። ስሙን አልጠራም። እንዲህ ዓይነት ሥልጠና የሚሸጡ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ብነግራችሁ ይሻላል።

ቡድኑ ይቋቋም ሲባል ሁሉም ደስ አላለውም ነበር። «በእግዚአብሔር ቤት ምን ጥበቃ ያስፈልጋል? ጠባቂው እሱ ነው» ያሉ እናቶች ነበሩ። አባታችን ከዐውደ ምሕረት ላይ መጀመሪያ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 9ን አንሥተው አስተማሩ። የቤተ መቅደሱን በር እንዲጠብቁ የተመረጡት 212 እንደነበሩ እዚያው ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ተረጋጋ።

አሜሪካ ውስጥ የሆነውንም ሁላችንም ሰምተናል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2015 በቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን 9 ሰው ተገደለ። ገዳዩን እጃቸውን ዘርግተው ነበር የተቀበሉት። ለአንድ ሰዓት ያህል አብሯቸው ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ ነበር። ጥር 15 ቀን 2022 በኮሊቪል፣ ቴክሳስ ደግሞ አንድ የአይሁድ ረቢ በር ያንኳኳውን እንግዳ አስገብቶ ሻይ አፈላለት። እንግዳው መሣሪያ አወጣና ረቢውን ጨምሮ አራት ሰዎችን አገተ። አንደኛው ቀደም ብሎ ተለቀቀ። ከአሥር ሰዓት በላይ ከታገቱ በኋላ ረቢው ወንበር ወርውሮበት ቀሪዎቹ በሩን ከፍተው አመለጡ። ያዳነን አስቀድመን የወሰድነው ሥልጠና ነው ብሎ ረቢው ራሱ መስክሯል።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። እኛም እንግዳ ተቀባዮች ነን። ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣን ሰው «ማን ነህ?» ብሎ ማቆም አይሆንልንም፤ እንዲሆንልንም አልፈልግም። እንግዲህ ደግነታችንን ሳንተው ነቅተን በር መያዝ የሚያስተምረን ሥልጠና የቱ ነው? ሦስቱንም የመዘንኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

በነፃው አማካሪ ልጀምር። ሲሳ የፌዴራሉ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ ነው። በየአካባቢው «ፕሮቴክቲቭ ሴኩሪቲ አድቫይዘር» የሚባሉ ባለሙያዎች አሉት። ከሰበካ ጉባኤው ኢሜይል ተጽፎላቸው ቀጠሮ ሰጡን። አንድ ሳንቲም አልተጠየቅንም።

የመጣው ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ልቤን ነካው። በሩ ላይ ጫማ መደርደሪያውን ሲያይ ምንም ሳንለው ጫማውን አወለቀ። ከዚያ «አገልግሎታችሁ እንዴት ነው የሚሄደው? ማን የት ይቆማል?» ብሎ ጠየቀ። ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሴቶችና ወንዶች በየት በኩል እንደሚገቡ፣ ሕፃናቱ የት እንደሚማሩ አንድ በአንድ ጻፈ። ሕንጻውን መዞር የጀመረው ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ነው።

እኛ ካሜራ አስገቡ ይለናል ብለን ጠብቀን ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ጫማዎቹን አሳየን። በበዓል ቀን መደርደሪያው ሞልቶ ይፈስሳል። ጫማው ወለሉን ይሸፍንና ከበሩ እስከ ደረጃው ይዘረጋል። የሰንበት ተማሪዎቹ ስኒከር፣ የእናቶች ነጠላ ጫማ፣ የሕፃናት ጫማ፣ ሁሉም እዚያው ነው። «እሳት ተነሣ ተብሎ ሰው ቢሮጥ የመጀመሪያው ሰው እዚህ ይወድቃል፤ የኋላው እላዩ ላይ» አለን። በየሳምንቱ ያንን ክምር ተራምደን ስንገባ ኖረናል። ጧፍ የሚበራበት ቤት ውስጥ ነን፤ ስለዚህ እሳት ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። አሁን መደርደሪያዎቹ ወደ ኮሪደሩ ጎን ተዛውረዋል። ወለሉ ላይ በቢጫ ቴፕ መስመር አስምረናል። ከመስመሩ ያለፈ ጫማ ካለ የሰንበት ተማሪ ተረኛ ያነሣዋል።

ሁለተኛው የመቅደሱ የኋላ በር ነበር። ሕንጻው ቀድሞ የአሜሪካኖች ቸርች ስለነበር በምሥራቅ በኩል ወደ ውጭ የሚያወጣ በር አለው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ስለሆነ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይደርስበትም። ስለዚህ የጥበቃ ቡድኑ ውስጥ ዲያቆን የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው። አማካሪው የእኛን ሥርዓት አያውቅም፤ ግን «ይህን በር ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄው መልሱን ራሳችን እንድናገኘው አደረገን። አሁን በየሳምንቱ ከተረኞቹ ዲያቆናት አንዱ ኪዳን ከመድረሱ በፊት በሩ ከውጭ መቆለፉን፣ ከውስጥ ደግሞ ሲገፉት መከፈቱን ያረጋግጣል።

በሮቹ ላይ ከውጭ በኩል ትልልቅ ቁጥር እንድንለጥፍም መክሮናል። 911 ሲደወል «በሴቶች በር በኩል» ቢባል ፖሊሱ አያውቀውም። «በር ቁጥር 3» ካላችሁት ግን ቀጥ ብሎ ይመጣል። ወጪው የተለጣፊ ቁጥር ዋጋ ብቻ ነው።

ሲሳ «ፓወር ኦቭ ሄሎ» የሚለው ትምህርት አለው። ሰውን ልብ ብለህ እይ፣ ቀርበህ ሰላም በል፣ ሁኔታውን መዝን፣ ካስፈለገ እርዳታ ጥራ ነው ነገሩ። ለእኛ ሰው ይህ ሲያድግ የለመደው ነው። «እንደምን አደሩ? እንኳን ደህና መጡ። እንግዳ ኖት? ማንን እንጥራልዎት?» ማለት ለማንኛችንም አይከብድም። ክፉ ያሰበ ሰው እንደታየ ያውቃል። ቅን ሰው ደግሞ በክብር ይስተናገዳል።

አንድ እሑድ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይላል። አይገባም፣ አይሄድም። ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎታል። ከቡድናችን አንዱ እጁን እያሳየ ቀስ ብሎ ቀረበና «ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ? ብርዱ አይበላህም፣ ግባ እንጂ» አለው። ሰውየው ማልቀስ ጀመረ። አገር ቤት ያሉት እናቱ ማረፋቸውን የሰማው በዚያ ሌሊት ነበር። ቄሱ ዘንድ ወሰድነው፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጠገቡ ሰው አልተለየም። በኋላ ላይ እሱም ቡድናችን ውስጥ ገባ። ሥልጠናው ለዚህም ይሆናል። እንዲያውም በአብዛኛው የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ስቶፕ ዘ ብሊድ» እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ ዘመቻ ነው፤ መነሻው በ2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት የደረሰው ጭፍጨፋ ነው። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጃል። ብዙ ሆስፒታሎች አሠልጣኝ በነፃ ይልካሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ግማሹ በእጅ የሚሠራ ልምምድ ነው።

ነርስ ስለሆንኩ ብዙ አዲስ ነገር አልጠበቅሁም። የወደድኩት ሌሎቹ የተማሩበትን መንገድ ነው። ቁስል የሚመስል ቀዳዳ ያለበት ስፖንጅ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ጎዙን (የቁስል ጨርቁን) በጣት እየገፉ እስከ ታች መጠቅጠቅ፣ ከዚያ በሁለት እጅ፣ በሙሉ ክብደት መጫን። ከማኅበረ እናቶች የመጡት እትዬ አጠገቤ ነበሩ። በስሱ ሲጫኑ አሠልጣኟ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ወደ ታች ገፋችው። «እንዲህ ነው?» አሉ ደንግጠው። «ሰውየውን አላሳምመውም?» ያማል፣ ግን ይኖራል አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ያለ ቀልድ ነው የተጫኑት። ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ አልለቀቁም።

ቱርኒኬቱም፣ ማለትም እጅ ወይም እግር ላይ ታስሮ ደም የሚያቆመው ማሰሪያ፣ እንደዚሁ ነው። ከቁስሉ በላይ ከ2 እስከ 3 ኢንች ከፍ ብሎ ይታሰራል። ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም። መጠምዘዣዋ ደሙ እስኪቆም ትዞራለች፤ ትቆለፋለች፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ቁስሉን ለመጠቅጠቅ ጎዝ ከሌለ ንጹሕ ጨርቅ ይሆናል። በእኛ ቤት ነጠላ ያልለበሰ ስለሌለ፣ ጨርቅ አይጠፋም።

አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ የሥልጠናው ጥፋት ግን አይደለም። እኛ ዘንድ ከደም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የሚወድቅ ሰው ነው። በፍልሰታ ሙቀት፣ በስቅለት ስግደት፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ የቆሙ አረጋውያን አሉ። ስኳር ያለባቸው፣ ኢንሱሊን ወግተው የሚጾሙ አሉ። ስለዚህ የልብ መታሸት ሥልጠናም ጨምረን ወሰድን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ደረቱን ቢያንስ 2 ኢንች ወደ ታች መጫን ነው። ኤኢዲ የሚባለው የልብ ማስነሻ መሣሪያም ገዛን። ልቡ የቆመ ሰው ያለ እሱና ያለ መታሸት በየደቂቃው የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም ማለት ነው። ከገንዘብ ወጪያችን ሁሉ የማልቆጭበት ይህ ነው። ከሴቶቹ በር አጠገብ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ተሰቅሏል። ቄሶቻችንም ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሲወርድበት፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት ጣፋጭ እንዲቀምስ ይፈቀድለታል ብለው በግልጽ አስተማሩ። ይህ ቃል ከእኔ ከነርሷ አፍ ከሚወጣ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

አሁን ወደተከፈለበት። የሁለት ቀን ሥልጠና ነበር፤ በነፍስ ወከፍ 175 ዶላር። ወጣቶቹ ጓጉተው ነበር። አሠልጣኙ ቀድሞ ፖሊስ የነበረ፣ ልምድ ያለው ሰው ነው። አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ሥልጠናው ለእኛ የተሰፋ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ከሞላ ጎደል ስለ መሣሪያ አለቀ። የትኛው ሽጉጥ፣ የትኛው መያዣ፣ እንዴት ይመዘዛል። እርግጥ ታኅሣሥ 29 ቀን 2019 በዋይት ሴትልመንት፣ ቴክሳስ የሆነው አለ። ተኳሹ ሁለት ሰው ከገደለ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን መሪ በ6 ሴኮንድ ውስጥ አስቁሞታል። አሠልጣኙ ቪዲዮውን ደጋግሞ አሳየን። ያልነገረን ግን የዚያ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሰውየውን አስቀድመው ልብ ብለው ሲከታተሉት እንደነበር ነው። አርቲፊሻል ፂም፣ ዊግ፣ ረጅም ካፖርት ነበረው። ዓይናቸው ከእጃቸው ቀድሟል። ሰኔ 22 ቀን 2025 በዌይን፣ ሚሺጋን የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ታጣቂውን ከውጭ ሲመጣ ያየው አንድ ዲያቆን በመኪናው ገጨው፤ ጠባቂዎቹም ሳይገባ አስቀሩት። ከምእመናኑ የሞተ የለም። እኔ ከዚህ የምወስደው ፓርኪንግ ላይ ሰው መቆም እንዳለበት ነው። በሥልጠናው ስለ ፓርኪንግ የተነገረው ግን ከምሳ በፊት በጥድፊያ ነው።

ስለ ሜሪላንድ ሕግና ስለ ኢንሹራንስ ስንጠይቀው «ጠበቃችሁን ጠይቁ» አለ። በመሣሪያ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ያስተማረ ሰው ይህን ማለፍ አልነበረበትም። እኛ ጠበቃም የኢንሹራንስ ድርጅታችንንም ጠየቅን። በመጨረሻ የሰበካ ጉባኤው የወሰነው በጎ ፈቃደኞች መሣሪያ እንዳይዙ፣ ለፋሲካ ሌሊትና ለጥምቀት ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያሉ ፖሊሶች እንዲቀጠሩ ነው። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ይወስን ይሆናል። ብቻ ከባለሙያ ጋር ተማክራችሁ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ልምምድ አደረግን። «ፓስተሩ ማይኩን ይዞ ሁላችሁም ተኙ ይላል» አለ። እኛ ተያየን። በቅዳሴ ሰዓት ቄሱ መቅደስ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ነው ያሉት። ሕዝቡን አያዩም። ታዲያ ማን ነው የሚናገረው? መልስ አልነበረውም። መልሱን እኛው አበጀነው። ከቅኔ ማኅሌቱ ማይክ አጠገብ የሚቆም አንድ አገልጋይ ሬዲዮ ይዟል። ትእዛዙ ከቡድን መሪው ሲደርሰው አንድ የተወሰነ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ልጆቻችን አማርኛውን ሳይሰሙ፣ አያቶቻቸው እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ ቢቀሩ ሁለቱም ይጎዳሉ።

ሴቶችንም አላሰበም። «ወንድሞች» እያለ ሲያስተምር ዋለ። የሴቶቹ በር ላይ ወንድ ቆሞ እናቶችን ቦርሳ ክፈቱ ቢል ምን እንደሚሆን ማንም የእኛ ሰው ያውቀዋል። ራሷን የሳተች ሴት ቀሚሷን የሚያስተካክልላት፣ ነጠላዋን የሚያለብሳት ሴት ትፈልጋለች።

መልካሙን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሬዲዮ ላይ በአጭር መናገርን ከእሱ ተምረናል። መጀመሪያ የምትጠራው ሰው፣ ቀጥሎ ያለህበት ቦታ፣ ከዚያ የሆነው ነገር። «መሪ፣ በር 2፣ የወደቀ ሰው» በቃ። አንድ ሰው ብቻ ያዝዛል የሚለውም ከእሱ ነው። እነዚህ ግን የግማሽ ቀን ትምህርት ናቸው።

ስለ ሬዲዮው ካነሣሁ ልጨርሰው። ኤፍአርኤስ የሚባለው ዎኪ ቶኪ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ድርጅትም ቢጠቀምበት ይቻላል። ለአንድ ሕንጻና ለፓርኪንጉ በቂ ነው። ጂኤምአርኤስ የሚባለው ጠንከር ያለው ግን የ35 ዶላር ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱም ለግለሰብና ለቤተሰቡ ነው እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አይሰጥም። ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም። ዋናው ነገር የጆሮ ማዳመጫው ነው። ከበሮና ጸናጽል በሚመታበት ሰዓት ያለ ማዳመጫ ምንም አይሰማም። ማዳመጫ ባይኖር ደግሞ በእግዚኦታው መሐል ሬዲዮ ይጮኻል።

ከሁሉም ሥልጠና ያላገኘነው ግን ለእኛ ከባዱ ነገር ነው፤ አንድነት። መጀመሪያ ላይ የሰንበት ተማሪዎቹ የራሳቸው አስተባባሪ ነበራቸው። የፓርኪንጎቹም የራሳቸው። ዲያቆናቱ ከማንም ትእዛዝ አይቀበሉም ነበር። በፋሲካ ሌሊት ሦስት ሰው ሦስት በር ላይ የተለያየ ነገር ሲናገር ሕዝቡ ተወናበደ። ከዚያም በላይ የስደት ቤተ ክርስቲያን ችግር አለ። በአገር ቤት ፖለቲካ፣ በአስተዳደር፣ በቦርድ ምርጫ የምንጣላ ሰዎች ነን። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ ከፍ ሲል የጥበቃ ቡድኑ የአንዱ ወገን ክንድ መስሎ ከታየ ቡድኑ ሞተ ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጥቂት ነገር ደነገግን። የቦርድ ዕጩ የሆነ ሰው ምርጫው እስኪያልፍ ከቡድኑ ይወጣል። በስብሰባ ቀን ከሁሉም ወገን ሰው በር ላይ ይቆማል፤ ማንንም ማስወጣት በቡድን መሪውና በአስተዳዳሪው በሁለቱ ስምምነት ብቻ ነው። ሁሉም ሰው፣ ዲያቆንም ሆነ የኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ያለፈ ታሪክ ምርመራውን ያልፋል፤ ሕፃናት ስላሉበት ለማንም አይታለፍም። በወር አንዴ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከማዕዱ በፊት፣ አንድ ነገር ብቻ እንለማመዳለን። አንድ ወር የሕፃናቱን ክፍል መቆለፍ፣ ሌላ ወር የወደቀ ሰው። ተረኞች በር ላይ ከመቆማቸው በፊት በካህን ጸሎት ይጀምራሉ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለምትሉ፣ ፌማ የሚባለው የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጠው የደህንነት ድጎማ አለ። በ2024 ለአንድ ሕንጻ እስከ 200,000 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ማመልከቻው በስቴታችሁ በኩል ነው የሚገባው፤ ለሥልጠናም ለበርና ለካሜራም ይሆናል። ቀድማችሁ አውጥታችሁ ነው ኋላ የሚመለስላችሁ፤ ይህን የማያውቅ ኮሚቴ መንገድ ላይ ይቀራል። ዩኢአይ የሚባለው መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ሲወጣ ነፃ ነው። የሕንጻው የተጋላጭነት ግምገማ አብሮ ይያያዛል። የነፃው አማካሪ ጉብኝት እዚህ ላይ በጣም ይረዳል።

እንግዲህ ለአማካሪው ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለደም ማስቆሙም አምስት። ለተከፈለበት ሁለት። የግል ሥልጠና የግድ ነው ካላችሁ፣ አሠልጣኙ ከመከፈሉ በፊት አንድ ሙሉ ቅዳሴ መጥቶ ቆሞ እንዲያይ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ። ሕንጻ ተከራይታችሁ ከሰዓት በኋላ የምትቀድሱም ብትሆኑ፣ ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቡድን ስላላቸው የእነሱን ልምምድ አብራችሁ መካፈል እንድትችሉ ጠይቁ። የማንቂያ ደወሉን ኮድና የበሮቹን ቁልፍ ማን እንደያዘም በጽሑፍ ተቀበሉ።